ቴሌቪዥን በቆጥ ቤት፤ በጣና ዳር አንቴናና ዲሽ ስለ መትከል የቀረበ ማብራሪያ

በዚህ ጽሑፍ ልናብራራው ያሰብነው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወትና የቤት ደኅንነት ያለበት ጉዳይ ነው። ይኸውም በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳር ባሉ መንደሮች፣ ከጣሪያው ሥር ባለ ክፍል የሚኖር ሰው የቴሌቪዥን አንቴናውን ወይም ዲሹን የት ቢተክል ይሻለዋል? የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው መልሱን ገና ሳይጠየቅ «ጣሪያው ላይ ነዋ!» ይላል። እኛ ነገሩን በስሌት መርምረን ያገኘነው መልስ ግን ሁለት መልክ ያለው ሆኗል። በምድር ላይ ከቆመ ማሠራጫ ለሚመጣ ሥርጭት አንቴናው በእርግጥ ከቆርቆሮው በላይ መውጣት አለበት። ከሳተላይት ለሚመጣ ሥርጭት ግን በባሕር ዳር ጣሪያ ላይ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን በተራ በተራ እንገልጻለን።

1ኛ፤ የቆጥ ቤት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቆጥ በአገራችን የቤት አሠራር ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሠራ ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። በየቀኑ የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይወጣል። በከተማ ቦታ ሲጠብና ኪራይ ሲወደድ ደግሞ ባለቤቱ ኮርኒሱን አንሥቶ፣ በወጋግራዎቹ ላይ ሳንቃ አንጥፎ፣ ትንሽ መስኮት አውጥቶ ይህንኑ ባዶ ስፍራ መኖሪያ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለውን መኖሪያ በዚህ ጽሑፍ «የቆጥ ቤት» እንለዋለን።

የቆጥ ቤት ለኛ ጉዳይ ሲባል ከሌላው ክፍል የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቆርቆሮው ከነዋሪው ራስ በላይ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል ሌላ ኮርኒስ ስለሌለ በጣሪያው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ውኃውን የሚያወርደው በቀጥታ በአልጋው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ከቤቱ ሁሉ ከፍ ያለው ክፍል ስለሆነ በጣሪያው ላይ መብረቅ ቢወድቅ ከሁሉ የቀረበው ሰው የቆጡ ነዋሪ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንባቢ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ እንዲያስባቸው እንለምናለን።

2ኛ፤ ሥዕሉ ከየት ይመጣል?

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለት በኅዳር ወር 1964 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ አበባ ነው። በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዳር 30 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጢስ ዓባይ ቁጥር 1 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ባሕር ዳር ከፏፏቴዋ ኃይል ባገኘችበት ዓመት የአዲስ አበባው ሥዕል ለባሕር ዳር የማይደረስበት ሩቅ ነገር ነበረ። ለምን? ቢሉ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦ ተራራውን ዞሮ ይሄዳል፤ የቴሌቪዥን ሞገድ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ነው።

ምድር ክብ ስለሆነች ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ መሬቱ ከሥሩ እየጎበጠ ይርቀዋል። የማሠራጫው ምሰሶ በሜጥራማ ምድር ላይ 100 ሜትር ቢቆም፣ ሞገዱ እስከ 41 ኪሎሜትር ገደማ ምድርን እየዳሰሰ ይሄዳል። የተቀባዩ አንቴና 10 ሜትር ከፍ ቢል ሌላ 13 ኪሎሜትር ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው 54 ኪሎሜትር ገደማ ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት ግን በአየር እንኳ 320 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ወደ ክፍላተ ሀገር ለማድረስ በየተራራው ራስ ላይ እየተቀበለ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ማቆም ግድ ነው።

የጣና ሐይቅም ይህንኑ ያስተምረናል። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመካከሉ ተራራ ስለሌለ «ከዳር እስከ ዳር ሁሉ ይታያል» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በሁለቱ ዳር 30፣ 30 ሜትር ምሰሶ ቢቆም የሁለቱ መተያያ ርቀት 45 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን የሚጋርደው ራሱ የውኃው ጉብጠት ነው።

ሳተላይት ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው። ለቴሌቪዥን የሚያገለግሉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ለኛ በሰማይ ላይ ቆመው የሚኖሩ ይመስላሉ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በምትገኘው ኤን ኤስ ኤስ 12 በተባለችው ሳተላይት ላይ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በርካታ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ይታዩ የነበሩት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ባለው በናይልሳት በኩል ነበር። በባሕር ዳር የተዘጋጀ አንድ ዜና ወደ ሳተላይቷ ወጥቶ እዚያው ባሕር ዳር ወዳለ ዲሽ ሲመለስ ከ72,000 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል፤ የሚፈጅበትም ጊዜ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ነው።

3ኛ፤ ቆርቆሮ ስለሚያደርገው ነገር

በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም አገሮች የሚታተሙ መመሪያዎች አንቴናን ከጣሪያው በታች በቆጡ ውስጥ መስቀል እንደሚቻል ይመክራሉ። ምክሩ ለዚያ አገር ልክ ነው። እዚያ የብዙው ቤት ክዳን ሸክላ ወይም የድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ሞገዱ ትንሽ ቢደክምም ያልፋል። ስለዚህ ሰውየው ዝናብና ነፋስ ሳይነካው በቤቱ ውስጥ ሆኖ አንቴናውን ያቆማል።

የባሕር ዳር ቤት ግን በአብዛኛው ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ብረት ስለሆነ የሬዲዮ ሞገድ ሲደርስበት ልክ መስታወት ብርሃንን እንደሚመልስ መልሶ ይወረውረዋል። ቆርቆሮው ቀጭን መሆኑ አይጠቅምም፤ ሞገዱን ለማቆም ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ብረት ይበቃዋል። በቆጡ ውስጥ የተሰቀለ አንቴና የሚያገኘው በመስኮትና በግድግዳ በኩል ተንሸራቶ የገባውን፣ በቆርቆሮው ሥር ወዲያና ወዲህ የተንጸባረቀውን ቅሬታ ሞገድ ብቻ ነው። ሰው ከክፍሉ ወዲህ ወዲያ ሲል ሥዕሉ የሚሄድና የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሣር ክዳን ግን ሌላ ጠባይ አለው። ደረቅ ሣር ሞገዱን እምብዛም አያግደውም፤ ሲርስ ግን የያዘው ውኃ ይመጠዋል። ስለዚህ በሣር ቤት ውስጥ በበጋ ጥሩ ያሳይ የነበረ አንቴና በክረምት ቢደክም አያስደንቅም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ውሳኔያችን ይህ ነው። በቆርቆሮ ሥር ባለ የቆጥ ቤት አንቴናን በቤት ውስጥ ማድረግ ገንዘብና ድካም ማባከን ነው። የውጭ አገሩን መመሪያ የጻፈው ሰው አልተሳሳተም፤ ጣሪያው ሌላ ነው እንጂ።

4ኛ፤ የምድር ሥርጭት አንቴና

በየቤቱ ጣሪያ የምናየው ብዙ ዘንግ ያለው አንቴና በ1926 እ.ኤ.አ. በጃፓን በቶሆኩ የንጉሠ ነገሥት ዩኒቨርሲቲ ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ ለዓለም ያስተዋወቁት ነው። ከዘንጎቹ አንዱ ብቻ ከኬብሉ ጋር ይያያዛል፤ ከኋላው ያለው ረጅም ዘንግ ሞገዱን ወደፊት ይመልሳል፤ ከፊት ያሉት አጫጭር ዘንጎች ሞገዱን ይመራሉ። የዋናው ዘንግ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ ያህል ነው። ይህንም ማንም ሰው ሊያሰላው ይችላል፤ 300ን ለሞገዱ ሜጋኸርዝ ቢያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይገኛል። ለምሳሌ በ200 ሜጋኸርዝ ሞገዱ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ዘንጉም 75 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በ500 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 60 ሳንቲሜትር፣ ዘንጉ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ አንቴና ለሌላው አይሆንም፤ ከመግዛት በፊት ማሠራጫው በየትኛው ሞገድ እንደሚልክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አጭሩ ዘንግ ያለበት ጫፍ ወደ ማሠራጫው ይዞራል። ዘንጎቹ ጋደም ይበሉ ወይም ይቁሙ የሚለውም የሚወሰነው በማሠራጫው ነው፤ ጥሩ የሚያሳየውን የጎረቤት አንቴና ቢያዩ ይህ ወዲያው ይታወቃል።

በሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ሞገዱ ወደ ቤቱ የሚመጣው ውኃውን ተሻግሮ ከሆነ፣ አንዱ ክፍል በቀጥታ ይደርሳል፤ ሌላው በውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይከተላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዴ ይረዳዳሉ፤ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ሥርጭቱ አናሎግ ሲሆን ይህ በሥዕሉ ጎን እንደ ጥላ ይታያል፤ ዲጂታል ሲሆን ደግሞ ሥዕሉ ተቆራርጦ ይቆማል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር «ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ምሰሶውን ከማሰር በፊት አንቴናውን በየግማሽ ሜትሩ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሞከርና ጥራቱ ከሁሉ በሚበልጥበት ላይ ማቆም ይገባል።

የአንቴናው ኬብል አጭር ይሁን። በ500 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር የሚሆን ጥሩ ኬብል እንኳ ከተቀበለው ኃይል ሲሶ ያህሉን ያባክናል። በዚህ በኩል የቆጥ ቤት ነዋሪ ዕድለኛ ነው፤ ለምሰሶው ከቤቱ ሁሉ ቅርብ የሆነው እርሱ ነው።

5ኛ፤ ዲሹ ለምን ከጣሪያው ሊወርድ ይችላል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ባሕር ዳር ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ ስለቆሙ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ወደ እነርሱ የሚያየው ቀና ብሎ ነው፤ የራቀ አገር ግን ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ ያያል። ለሦስት ሳተላይቶች ያደረግነው ስሌት ከዚህ በታች ያለው ነው።

ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ፤ አቅጣጫው ከሰሜን በቀኝ ሲቆጠር 119 ዲግሪ፣ ማለት ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 29 ዲግሪ፤ ከአድማስ ከፍታው 63 ዲግሪ ተኩል።

ለ26 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የዓረብሳት ሳተላይቶች ላሉበት፤ አቅጣጫው 225 ዲግሪ፣ ማለት ልክ ደቡብ ምዕራብ፤ ከፍታው 71 ዲግሪ።

ለ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ለናይልሳት፤ አቅጣጫው 258 ዲግሪ፣ ማለት ከምዕራብ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ፤ ከፍታው 37 ዲግሪ ተኩል።

በሰሜኑ ዳር ለምትገኘው ለጎርጎራም ቢሆን ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ አይበልጥም፤ መነሻ አድርጎ ጥቂት ማስተካከል ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ስለ አቅጣጫ ነው። ሦስቱም ያሉት በደቡብ በኩል ነው። ሐይቁ ያለው ግን ከባሕር ዳር በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ወደ ጣና የሚያይ በረንዳና መስኮት፣ ለነፋሱና ለእይታው የተወደደ ቢሆንም፣ ለዲሽ አይሆንም። ዲሹ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ በቤቱ ጓሮ በኩል መቆም አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ከፍታ ነው። አንድ ግድግዳ ወይም ዛፍ ዲሹን የሚጋርደው ከተወሰነ ቁመት በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ደንቡ ለመያዝ ቀላል ነው፤ የጋራጁ ቁመት ከዲሹ ተነሥቶ ሲለካ ከርቀቱ እጥፍ መብለጥ የለበትም። ከዲሹ 3 ሜትር ከፍ የሚል ግድግዳ ካለ፣ ዲሹ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ጥቂት አለፍ ብሎ ቢቆም ሳተላይቷ ትታየዋለች። ለናይልሳት ግን ከዚሁ ግድግዳ 4 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በለንደን ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት በ28 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ከፍታው 25 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ ግድግዳ ከ6 ሜትር በላይ መራቅ ግድ ነው። የለንደን ሰው ዲሹን ወደ ላይ ቢያወጣ ምክንያት አለው፤ የባሕር ዳር ሰው ግን ያንን ምክንያት አያገኝም።

ቦታውን ለመፈተን መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዲሹ ሊቆም ከታሰበበት ነጥብ ወደ 119 ዲግሪ አቅጣጫ ግማሽ ሜትር ለክቶ፣ በዚያ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ በቱምቢ አስተካክሎ ማቆም ነው። ከነጥቡ ላይ ሆኖ በዘንጉ ጫፍ አሻግሮ ሲያዩ ሰማይ ብቻ ከታየ ቦታው ደኅና ነው። ቅጠል ወይም የቤት ጠርዝ ከታየ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ያሻል። በዘጌ የቡናው ደን ለበዛበትና በባሕር ዳርም ዋርካ ላጠላበት ግቢ ይህ ሙከራ እጅግ ይጠቅማል። እርጥብ ቅጠል ከግድግዳ አይሻልምና፤ ዛይፉም ዓመት ከዓመት ስለሚያድግ ለነገው ጭምር ማሰብ ይገባል።

አቅጣጫውን በኮምፓስ ሲለኩ ከቆርቆሮና ከፌሮ መራቅ ያስፈልጋል፤ ብረት የኮምፓሱን መርፌ ይስባል። ይህም በጣሪያ ላይ ሆኖ መለካትን የማይመች የሚያደርግ ሌላ ምክንያት ነው። እንዲሁም ብዙዎቹ ዲሾች ኤል ኤን ቢያቸው ከመካከል ዝቅ ብሎ የተሠሩ ስለሆነ ፊታቸው ከእውነተኛው ከፍታ ያነሰ ቀና ያለ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ከመገመት ይልቅ በማሰሪያው ላይ የተቀረጸውን የዲግሪ ምልክት መከተል ይሻላል።

«ዲሹ ከግቢ ቆሞ ቴሌቪዥኑ ቆጥ ላይ ሲሆን ኬብሉ አይረዝምምን?» የሚል ይኖራል። ይረዝማል፤ ነገር ግን ኤል ኤን ቢው የተቀበለውን ሞገድ ወደ ኬብሉ ከመስደዱ በፊት እጅግ አጉልቶ ስለሚሰጠው 20 ወይም 30 ሜትር ጥሩ ኬብል ጉዳት አያመጣም። ልጆችና ከብት እንዳይነኩት ደግሞ በጓሮው ግድግዳ ላይ ከሰው ራስ በላይ ማሰር ይቻላል።

6ኛ፤ ስለ ነፋስና ስለ ማፍሰስ

ዲሽ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። 90 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ዲሽ ላይ በሰዓት 70 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳርፈው ግፊት የ15 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። ይህ ግፊት እየመጣና እየሄደ በሞራሌ ላይ የተመታውን ብሎን ይነቀንቀዋል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። የዲሹ ጠርዝ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ቢዛነፍ አቅጣጫው አንድ ዲግሪ ስለሚስት ሥዕሉ መድከም ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ማፍሰሱ ነው። ተራ ቤት ቢሆን ውኃው መጀመሪያ ኮርኒሱን ያበላሻል፤ ባለቤቱም ምልክቱን አይቶ ይጠግናል። በቆጥ ቤት ግን የመጀመሪያው ምልክት የረጠበ ፍራሽ ወይም ውኃ የገባበት የኤሌክትሪክ መሥመር ነው።

ስለዚህ የምድር አንቴና ምሰሶ በግድ ከላይ መውጣት ካለበት፣ ቆርቆሮውን ከመብሳት ይልቅ በቤቱ ጫፍ ባለው ግድግዳ ላይ በሁለት ቦታ በጠንካራ ማሰሪያ ተይዞ ከጠርዙ በላይ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ኬብሉም በቆርቆሮው ሳይሆን በግድግዳው በኩል ይግባ። ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ዝቅ ብሎ ይበሳ፤ ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይመለስ፤ ያን ጊዜ የዝናቡ ውኃ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ክፍሉ አይገባም።

7ኛ፤ ስለ መብረቅ

በጣና አካባቢ ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ነጎድጓዱም ከዝናቡ ጋር ይመጣል። ከጣሪያ በላይ የቆመ የብረት ምሰሶ መብረቅ ቢያገኘው ኃይሉ ወደ ምድር የሚወርድበትን መንገድ ይፈልጋል። የተዘጋጀለት መንገድ ከሌለ በኬብሉ አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ መሥመር ይገባል፤ በዚያ መካከል ደግሞ ሰው ተኝቷል።

ስለዚህ ምሰሶው መሬት መያዝ አለበት። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለዚህ የሚጠይቀው የመዳብ ሽቦ ስፋት ከ16 ካሬ ሚሊሜትር የማያንስ ነው። ሽቦው በውጭ በኩል ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ወርዶ በምድር ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ የኬብሉ የውጭ መረብም ከዚሁ ጋር ይገናኛል፤ የቤቱ የመሬት ሽቦም ከዚህ ዘንግ ጋር መጋጠም አለበት። ይህን ሥራ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ሆኖም መሬት ማስያዝ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ መብረቅን አይከለክልም። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ኬብሉንና የኤሌክትሪኩን ሶኬት መንቀል ያስፈልጋል፤ ነጎድጓዱ ከደረሰ በኋላ ግን ኬብሉን መንካት አይገባም።

በዚሁ ደንብ ውስጥ ለኛ ሐሳብ ድጋፍ የሚሆን ነገር አለ። ከጣሪያው ጠርዝ ከ2 ሜትር በላይ ዝቅ ያለና ከግድግዳው ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ርቀት ላይ ያለ ዲሽ ከዚህ ምድር የማስያዝ ግዴታ ነፃ ተደርጓል፤ መብረቁ ከእርሱ ይልቅ ቤቱን ስለሚያገኝ ነው። ዲሹን ዝቅ ማድረግ እንግዲህ ከመውደቅ ብቻ ሳይሆን ከዚህም አደጋ ያርቃል።

ከኤሌክትሪክ መሥመር መራቅም የግድ ነው። ምሰሶው በማንኛውም በኩል ቢወድቅ ሽቦውን ሊነካ የሚችል ከሆነ ቦታው ተገቢ አይደለም።

8ኛ፤ ዲሹን መነካካት የማያስፈልግበት ጊዜ

ሰው ወደ ጣሪያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ሲጠፋ ነው፤ ሥዕሉ የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲበረታ ነው። የሳተላይቱ ሞገድ ርዝመት ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ያደክመዋል። ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት መሰላል አቁሞ በረጠበ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ የሚያተርፈው አደጋ ብቻ ነው።

ሌላም ጊዜ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ ልክ ከሳተላይቷ በስተኋላ ትቆማለች። የፀሐይ የራስዋ የሬዲዮ ኃይል ያን ጊዜ የሳተላይቷን ደካማ ሞገድ ይውጠዋል። ባሕር ዳር ላይ ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያሰላነው ጊዜ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ጠራራ ፀሐይ እያለ ሥዕሉ ቢጠፋ ነገሩ ይኸው ሊሆን ስለሚችል ሩብ ሰዓት መታገሥ ነው። በዚያች ደቂቃ የኤል ኤን ቢው ጥላ በዲሹ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ያደረገ ሰው ደግሞ፣ ዲሹ በሌላ ጊዜ ቢዛባ ያለ መሣሪያ ሊያስተካክለው የሚችልበትን ምስክር በነፃ አገኘ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎች ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ መሄድ ሲጀምሩ ወደ ምዕራብ ይመለከቱ የነበሩ ዲሾች ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው። ጣቢያዎች ወደፊትም ቦታ ሊለውጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዲሽ አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ ሰው በየጊዜው የሚደርስበት ነገር ነው። በመሬት ላይ ቆሞ ወይም በአጭር መሰላል የሚደረስበት ዲሽ ለዚህ ሁሉ ይመቻል።

የምንመክረው የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው ጣቢያ ከምድር ማሠራጫ ነው ወይስ ከየትኛው ሳተላይት ነው? ብሎ መጠየቅ። ቀጥሎ ተከራይ ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ። ለሳተላይት ከሆነ በግማሽ ሜትርና በአንድ ሜትሩ ዘንግ መጀመሪያ ግቢውን፣ ቀጥሎ የጓሮውን ግድግዳ መፈተን፤ ሁለቱም ካልሆኑ ብቻ ስለ ጣሪያው ማሰብ። ለምድር ሥርጭት ከሆነ ምሰሶውን በጫፉ ግድግዳ ላይ ማሰር፣ መሬት ማስያዝ፣ ሥራውንም ክረምት ሳይገባ በደረቅ ቀን መጨረስ። ቤት ሠሪዎችም ቆጡን መኖሪያ ሲያደርጉ ከጓሮው ግድግዳ እስከ ቆጡ የሚደርስ አንድ ባዶ ቱቦ ከወዲሁ ቢቀብሩ፣ ወጪው ጥቂት ሆኖ ከእነርሱ በኋላ የሚገባውን ነዋሪ ሁሉ ከጣሪያ መውጣት ያድኑታል።